አንድ ጊዜ ብቻ ጧ ያለችው በር

ሟቹ የተገኘው ጀርባውን ከብረት በሩ አስደግፎ፣ እግሮቹን ዘርግቶ እንደተቀመጠ ነው። የቀኝ እጁ ጡጫ ተልጧል፤ በሩን ደብድቧል ማለት ነው። ያ በር ግን የሚደበደብ በር አልነበረም። ከውስጥ፣ በደረት ልክ፣ አረንጓዴ መጫኛ አለችው፤ እሷን ነካ ሲያደርጓት ወለል ብሎ ይከፈታል። ሟቹ ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ሥራው በሩን መፈተን ነበርና።

መሥሪያ ቤቱ ለትላልቅ የፍራፍሬ መጋዘኖች ፕሮግራም ይጽፋል። ፍራፍሬው ቶሎ እንዳይበስል ከመጋዘኑ ኦክስጅን ይቀነስና በምትኩ ናይትሮጅን ይሞላል። ፕሮግራሙ ጋዙን ይለካል፣ በሩን ይዘጋል ይከፍታል፤ ሰው ሲገባ ጋዙን ያቆማል፣ ሰው ውስጥ ሳለ በሩ ከተዘጋም ይጮኻል። ለመሞከሪያ የሚሆን አንድ እውነተኛ ክፍል ምድር ቤት አላቸው። ሞካሪው በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ እዚያ ገብቶ የግድግዳውን መለኪያ በዓይኑ ያነብባል፤ ስክሪን አያምንም። ምንም ነገር ስለማያሳልፍ ባልደረቦቹ «ወንፊት» ይሉታል። ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ በእግሩ ገባ፤ ሰባት ሰዓት ላይ በሰው እጅ ወጣ። ሐኪሙ «አየር አጥሮት» ብሎ ጻፈ።

ሀምሳ አለቃው ረቡዕ ጠዋት የተላከው ለምርመራ አልነበረም፤ ለፊርማ ነው።

«ያለቀ ነገር ነው» አለው አዛዡ። «ኤሌክትሪሲያኑ የማንቂያውን ሽቦ ሳያስር ትቶታል። ወረቀቱን አስፈርመህ፣ ሰውየውን ይዘህ ና።»

አዛዡን የጣት አሻራ ማንሳት ያስተማረው ይኸው ሀምሳ አለቃ ነበር። ተማሪው ኮርስ ገባ፣ ኮከብ ደረበ፤ አስተማሪው የስምንተኛ ክፍል ካርዱን ይዞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያው ማዕረግ ላይ ቆመ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ወረቀት ያለው ሲሳሳት ልምድ ይባላል፣ ወረቀት የሌለው ሲሳሳት ወንጀል።

የባለቤቱ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቱን ሁሉም «ዶክተር» ይሉታል፤ ግድግዳው ላይ የሰቀላቸው ዲፕሎማዎች ከመስኮቱ ይሰፋሉ። አጠገቡ ምክትሉ ቆሟል፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ ሰው። በወሩ መጨረሻ የዶክተሩን ወንበር እንደሚረከብ ይወራል። በሩ ጥግ ደግሞ ኮፍያውን በሁለት እጁ የያዘ ስልሳ ዓመት የደፈነ ሰው ተቀምጧል፤ ኤሌክትሪሲያኑ። ካቻቢቴ ከደረት ኪሱ ስለማይጠፋ ስሙም «ካቻቢቴ» ሆኖ ቀርቷል።

«ፈርም በለው» አለ ዶክተሩ ለሀምሳ አለቃው፣ ከስልኩ ቀና ሳይል።

«አልፈርምም» አለ ካቻቢቴ።

«አንተ ሰውዬ! እኛ እኮ ልንረዳህ ነው። ቸልተኝነት ነው ያልነው፤ ገደለ አላልንም።»

«ያልረሳሁትን ሽቦ ረሳሁ ብዬ አልፈርምም። ወንፊት ጓደኛዬ ነበር። ከፈለጋችሁ እሰሩኝ፤ እጄ ግን እዚያ ወረቀት ላይ አያርፍም።»

ምክትሉ በለሆሳስ ጣልቃ ገባ። «ጋሼ፣ ሰኞ ማንቂያውን የፈቱት እርስዎ ነዎት። ከቅዳሜ ወዲህ ደግሞ አንድም አዲስ ሥራ፣ አንዲት የተለወጠች መስመር እንኳ፣ ወደ ፕሮግራሙ አልገባም። ያልተነካ ነገር አይበላሽም። የተነካው ሽቦው ነው።»

ሀምሳ አለቃው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «እስቲ ሽቦውን ልየው።»

«ስለ ሽቦ ታውቃለህ?» አለ ዶክተሩ ፈገግ ብሎ።

«ስለ ሽቦ አላውቅም። የሚዋሽ ሰው ግን አውቃለሁ» አለና ካቻቢቴን አስከትሎ ወረደ።

ምድር ቤት፣ ካቻቢቴ የማንቂያውን ሳጥን በባትሪ አበራለት። በእያንዳንዱ ብሎን ላይ፣ ግማሹ ብሎኑ ራስ ላይ ግማሹ ቆርቆሮው ላይ፣ ቀይ ጠብታ ደርቋል።

«ይኼ ምንድን ነው ጋሼ?»

«የጥፍር ቀለም። የልጄ ነው። ሳጥን ከዘጋሁ በኋላ እቀባዋለሁ፤ ብሎኑን ሰው ካዞረው ይሰነጠቃል። ሰኞ ዘግቼ ቀባሁ። ይዩት፣ አንዱም አልተሰነጠቀም።»

«ለምክትሉ አሳይተውታል?»

«አሳየሁት። ‹ጋሼ፣ ይኼ የውበት ሳሎን አይደለም› ብሎ ሳቀብኝ።»

ብሎኖቹ ተፈቱ። ሽቦዎቹ አንድ ባንድ ተሳቡ፤ ሁሉም ጥብቅ ብለው ታስረዋል። ሀምሳ አለቃው ኮፍያውን አውልቆ ለካቻቢቴ አስያዘና ወደ ክፍሉ ገባ።

«ይዝጉት።»

«ኧረ በፈጠረዎት! ትናንት ሰው የበላ በር ነው!»

«የጋዙ ቧንቧ ተዘግቷል። ይዝጉት አልኩ።»

በሩ ተዘጋ። ወዲያው ማንቂያው ጣሪያው እስኪነቃነቅ ጮኸ። ሀምሳ አለቃው ውስጥ ሆኖ እስከ ሠላሳ ቆጠረ፣ አረንጓዴዋን ተጫነ፣ በሩ ወለል አለ። ካቻቢቴ ፊቱ አመድ መስሎ ኮፍያዋን አጨማዷት ቆሟል።

«እንግዲህ ሽቦው ደኅና፣ መጫኛዋ ደኅና፣ ፕሮግራሙም ደኅና» አለ ሀምሳ አለቃው። «ሁሉ ደኅና ሆኖ ሰውየው ሞቷል። ከሦስቱ አንዱ ትናንት ደኅና አልነበረም።»

«እሱን እኮ ነው የምላቸው! ትናንት ጠዋት ትንሿ በር አንድ ጊዜ ብቻ ነው ጧ ያለችው። ብነግራቸው አሾፉብኝ።»

«ደግሞ ትንሿ በር ማናት?»

ካቻቢቴ ወደ ጎረቤቱ የመስታወት ክፍል ወሰደው። ጠረጴዛ ላይ፣ ከአንድ ማሽን ጎን፣ መጽሐፍ የምታክል የብረት በር ከነሞተሯ ቆማለች።

«እኔ ነኝ የሠራኋት። ፕሮግራሙ ወደ ትልቁ በር ከመሄዱ በፊት በሷ ይሞከራል። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ አዲስ ሥራ በገባ ቁጥር ሁለት ጊዜ ትዘጋለች። ጧ... ትንሽ ቆይታ ደግሞ ጧ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። ሥራ ካልገባ ዝም። ትናንት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ግን አንዴ ጧ ብላ ቀረች።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«የልብዎ ምት አንዴ ቢዘል አያውቁትም?»

ሀምሳ አለቃው ማስታወሻ ደብተሩ ላይ «አንድ» ብሎ ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት።

የበሩን ፕሮግራም የጻፈችው ወጣት ሴት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበረች፤ ዓይኗ አብጧል፣ ጣቶቿ ግን ሳይጽፉም ጠረጴዛው ላይ ይሮጣሉ። «ችኩሊት» ይሏታል።

«ስሙን ያወጣልኝ ወንፊት ነው» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ሥራዬን አሥራ አንድ ጊዜ መልሶብኛል። ተጣልተናል፣ አዎ። አሥራ አንዱንም ጊዜ ግን ትክክል ነበር፤ የሚያናድደውም እሱ ነው።»

«ከሌላ ሰውስ ጋር ይጣላ ነበር?»

«ከማን የማይጣላው! ትናንት ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ዶክተሩ ቢሮ ሲጯጯሁ ነበር፤ እዚህ ድረስ ይሰማል። ዶክተሩ ‹ለአዲሶቹ መጋዘኖች ፈርም› ይላሉ፣ እሱ ‹አልፈርምም› ይላል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ወረደ።»

«ትንሿ በር ለምንድን ነው ሁለት ጊዜ የምትዘጋው?»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቶቿን አሳረፈች። «እኛ የምንጽፈው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረው ‹ገንቢ› የሚባል መሣሪያ ነው። ገንቢውን የሚሠሩት ሌሎች ሰዎች ናቸው፣ ሩቅ ያሉ፤ በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ያወጣሉ። አዲሱ ሲመጣ ዱብ ዕዳ እንዳይሆንብን፣ ሥራ በገባ ቁጥር ፈታሹ ማሽን ሁለት ጊዜ ይገነባል፣ ሁለት ጊዜ ይሞክራል። አንዴ በያዝነው ገንቢ፣ አንዴ ገና ባልወጣው፣ በመጪው ሰኞ በሚወጣው። የዛሬው ረድፍና የነገው ረድፍ እንላቸዋለን።»

«ታዲያ አንዱ ከወደቀ?»

«የዛሬው ቀይ ከሆነ ሁሉም ነገር ይቆማል። የነገው ግን ቀይ ቢሆንም ይፈቀዳል፤ ያልወጣ ነገር ነዋ! ስድስት ወር ሙሉ ቀይ ነው። ሦስት ስህተት፣ ሁልጊዜ እነዚያው ሦስት፣ የጋዝ መለኪያው ላይ። ዶክተሩ የሚኮሩበት የድሮ ሥራ ነው። ስለዚህ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ወንፊት ብቻ ነበር የሚንከባከበው፤ ቀይ በሆነ ቁጥር ለገንቢው ሠሪዎች በራሱ ደብዳቤ እንዲልክ አድርጎታል። ‹ለእግዜር ይጽፋል› እያልን እንስቅበት ነበር።» ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «መልስ ይመጣለት እንደሆነ እንኳ ጠይቄው አላውቅም።»

«ምን ይሞከር፣ ምን ይታለፍ የሚለውን የሚወስነው ማነው?»

«ዝርዝር አለ። የዛሬውን ረድፍ ዝርዝር ለመንካት ቁልፍ ያላቸው ሁለት ናቸው፤ ወንፊትና ምክትሉ። የነገው የራሱ ዝርዝር አለው፤ እሱን የያዘው ወንፊት ብቻ ነው።»

ምክትሉ ፈታሹ ማሽን ፊት ተቀምጦ ጠበቀው። መዝገቡን ሳይጠየቅ ከፈተ።

«ይኸው፣ ቅዳሜ አንድ ሥራ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ባዶ ነው።»

«ጋሼ ትንሿ በር ትናንት ጧ ብላለች ይላሉ።»

«አንድ ጊዜ ነው ያሉት አይደል?» ምክትሉ በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። «ሀምሳ አለቃ፣ ሥራ ካልገባ ዜሮ ነው፤ ከገባ ሁለት። አንድ የሚባል ነገር የለም። እርጅና ነው፤ አልፈርድባቸውም።»

«የነገው ረድፍስ ትናንት ምን አለ?»

«እሱን አያንሡብኝ። የወንፊት መጫወቻ ነው። ከፍቼው አላውቅም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን... የበሩን ፕሮግራም ሰው ነክቶት ከሆነ፣ የጻፈችው ልጅ አለች። በጣም ተጣልተው ነበር።»

«አሁን ያልተነካ ነገር አይበላሽም ብለውኝ አልነበር?»

ምክትሉ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ከጥርሱ አላለፈም።

ደረጃው ላይ የሀምሳ አለቃው ስልክ ጮኸ። አዛዡ ነው። «አንዲት ፊርማ ይኼን ያህል ሰዓት ትፈጃለች?»

«ትክክለኛውን ፈራሚ እየፈለግሁ ነው።»

«የታዘዝከውን ብቻ ሥራ!»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት የታዘዝኩትን ሠርቻለሁ። ምን እንዳተረፍኩ አንተ ታውቃለህ» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወደ ችኩሊት ተመለሰ። «የሟቹን ኮምፒዩተር በሕግ ይዤዋለሁ። ደብዳቤዎቹን ክፈችልኝ። ዝርዝሩንም አብረሽ እዪልኝ።» ልጅቷ ከፈተች፣ አነበበች፣ አፏን በመዳፏ ያዘች።

ስምንት ሰዓት ላይ አራቱንም መስታወቱ ክፍል ውስጥ ሰበሰባቸው። ዶክተሩ ሰዓቱን ያያል፤ ምክትሉ እጆቹን አጣምሯል፤ ችኩሊት ላፕቶፗን ደረቷ ላይ አቅፋለች፤ ካቻቢቴ ከትንሿ በሩ ጎን ቆሟል፣ እንደ ዘመድ።

«ከሽቦው እንጀምር» አለ ሀምሳ አለቃው። «ሽቦው ሰኞ ከተዘጋ ወዲህ አልተነካም፤ የጥፍር ቀለሙ ይመሰክራል። ሽቦው ደኅና ከሆነ፣ ጋዙን ሳያቆም በሩን የከለከለውና ማንቂያውን ያፈነው ፕሮግራሙ ነው። ዛሬ የገባሁበት ፕሮግራም ግን ጮኸ፣ ከፈተልኝም። እንግዲያው ወንፊትን የገደለው ሌላ ፕሮግራም ነበር፤ ትናንት ጠዋት ገብቶ፣ ሰው ከሞተ በኋላ በቅዳሜው የተተካ።»

«መዝገቡ ባዶ ነው» አለ ምክትሉ።

«መዝገብ ይጠፋል። ጆሮ ግን አይጠፋም። ጋሼ ‹አንድ ጊዜ› አሉ። እርስዎ ደግሞ ዜሮ ወይም ሁለት እንጂ አንድ የለም አሉኝ። እኔም ያመንኳቸው ለዚሁ ነው። የሚዋሽ ሰው፣ ወይ የጃጀ ሰው፣ የለመደውን ‹ሁለት› ይላል። ሊሆን የማይችለውን ‹አንድ› የሚል በእርግጥ የሰማ ብቻ ነው። ታዲያ አንድ መቼ ይሆናል? ከሁለቱ ረድፎች አንዱ በሯን ሳይሞክር ሲያልፍ። አንድ ሰው ፈታሹን ‹የበሩን ፈተና እለፍ› ብሎታል፤ ያን ካላለው የተበላሸው ሥራ ቀይ ሆኖ ይቆምበት ነበር። የዛሬው ረድፍ አለፈው፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ፕሮግራሙ ወደ ትልቁ በር ሄደ። ትንሿን በር የሞከራት የነገው ረድፍ ነው። የገንቢውን ሠሪዎች መልስ አንብቢልን፣ ልጄ።»

ችኩሊት አነበበች። «‹ውድ ባልደረባ፣ የማክሰኞ ጠዋት ሪፖርትህ ደርሶናል። ሦስቱን ስህተቶች አውቀናቸዋል፤ ጥፋቱ የገንቢው አይደለም። መለኪያው ሲበላሽ ፕሮግራማችሁ የቆየ ቁጥር ይዞ አየር አለ ይላል። የድሮው ገንቢ ዝም ይላል፣ አዲሱ ይናገራል። አራተኛው ግን ለእኛ አዲስ ነው። በሩ ከውስጥ ሲጫኑት አይከፈትም፣ ማንቂያውም አይጮኽም። እባክህ ሰው ከመግባቱ በፊት አረጋግጥ።›» ቀና አለች። «የተላከው ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ነው።»

ዶክተሩ ሰዓቱን ማየት አቆመ።

«አራተኛውን ቀይ ሩቅ አገር ያለ ሰው አየው» አለ ሀምሳ አለቃው። «እዚህ ግን ቀይ ስለለመዳችሁ ሦስት ይሁን አራት የቆጠረ የለም። አሁን ማን እንደሆነ እንይ። ዶክተር ነው? ጠዋቱን ሙሉ ከሟቹ ጋር ሲጯጯህ ነበር፤ የፈታሹም ቁልፍ የለውም። ችኩሊት? በሩን ማበላሸት ትችላለች፣ ፈታሹን ማዘዝ አትችልም። ወንፊት ራሱን አጠፋ እንበል? እሱ ሁለቱንም ዝርዝር ይይዛል፤ የበሩን ፈተና ቢሰርዝ ከሁለቱም ይሰርዘው ነበር። የዛሬውን የሚነካ፣ የነገውን ንቆ የረሳ አንድ ሰው ብቻ ይቀራል።»

«ግምት!» ያ የማይሰማው ድምፅ መስታወቱን አንቀጠቀጠው። «የስምንተኛ ክፍል ፖሊስና የሽቦ ጠምዛዥ ግምት!»

«ዝርዝሩን ወደ ቦታው መልሰኸዋል» አለች ችኩሊት፣ «የመለስክበት ሰዓት ግን ተመዝግቧል። ትናንት ሰባት ሰዓት ከአሥር፣ በአንተ ቁልፍ። እኛ አስከሬኑን ተሸክመን ስንወጣ ማለት ነው።»

ምክትሉ ወደ ዶክተሩ ዞረ። ዶክተሩ አንድ እርምጃ ሸሸው።

«የጋዝ መለኪያውን ፕሮግራም የጻፈው ማነው?» አለ ሀምሳ አለቃው።

«እሱ ነው» አለ ዶክተሩ ወደ ምክትሉ እየጠቆመ፤ አሁን ያነሰው የሱ የራሱ ድምፅ ነበር። «ወንበሬን የምሰጠውም ለዚያ ሥራው ነበር። ትናንት ወንፊት ስህተት አለበት ሲለኝ አላመንኩትም። ምክትሌ ‹ጥፋቱ የአዲሱ ገንቢ ነው› ብሎ ፈርሞልኛል።»

«ሰኞ አዲሱ ገንቢ ይወጣል፤ የነገው ረድፍ የዛሬ ይሆናል» አለ ሀምሳ አለቃው። «ያን ጊዜ የተፈቀደው ቀይ አይፈቀድም፤ የመለኪያው ስህተት ይጋለጣል።»

«ስምንት ዓመት የደከምኩበት ነው!» አለ ምክትሉ። ትሕትናው እንደ አሮጌ ካፖርት ከላዩ ወደቀ። «ያ ሰው ትናንት በማለዳ ‹ስለ መለኪያው ከሰዓት ለሁሉም መጋዘን እጽፋለሁ› አለኝ። ለመንኩት። ‹ስምህን ሳይሆን ሰውን አስብ› አለኝ። እኔን! ማን ሆኖ ነው እኔን የሚያርመኝ?»

«ወንፊት ነዋ» አለ ካቻቢቴ።

ካቴናው ገባ። ውጭ ለኤሌክትሪሲያኑ የተላከው መኪና ሌላ ሰው ሊጭን ሞተሩን አስነሣ። ዶክተሩ ግንባሩን ጠረገና ካቻቢቴን ትከሻውን ቸብ አደረገው።

«በቃ፣ አንተ ነጻ ነህ። ወደ ሥራህ ተመለስ።»

«ያ መለኪያ ያለው ስንት መጋዘን ነው?»

«አሥራ አራት። እሱን ከጠበቃ ጋር ተማክረን፣ ሰኞ ስብሰባ ጠርተን...»

«አሁን ውስጥ ሰው አለ እኮ! መለኪያው አንዱ ጋ ቢበላሽ ‹አየር ሙሉ ነው› እያለ ነው የሚገድላቸው!»

ካቻቢቴ መልስ አልጠበቀም። ደረጃውን በስልሳ ዓመት ጉልበቱ ወጣ፣ የዶክተሩን ቢሮ ከፈተ፣ ከዲፕሎማዎቹ ሥር ትልቁ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ከጠረጴዛው የመጋዘኖቹን የስልክ ዝርዝር ሳበና ስልኩን አነሣ። ዶክተሩ እያለከለከ ደረሰ።

«ተነሣ ከወንበሬ!»

ሀምሳ አለቃው በሩ ላይ በጎኑ ቆመ፤ ማለፊያ አልነበረም። «ጋሼ ሥራ ላይ ናቸው፣ ዶክተር። አይረብሿቸው።»

«ሄሎ» አለ ካቻቢቴ። «መጋዘኑ ነው? ውስጥ ስንት ሰው አለህ? ስድስት? ስድስቱንም አስወጣ። በሩን በድንጋይ አስደግፈህ ክፍት ተወው። አዎ፣ አሁኑኑ።»

ከወዲያ በኩል አንድ ቁጡ ድምፅ ማን እንደሆነ፣ በማን ሥልጣን እንደሚያዝዝ፣ ምን ተምሮ ይህን እንደሚናገር ጠየቀው።

ካቻቢቴ ወንበሩ ላይ ቀና አለ።

«አንተ መጀመሪያ ሰዎቹን አስወጣ» አለ። «የትምህርት ደረጃዬን ሲወጡ ትጠይቀኛለህ፤ መስመሩ ላይ እጠብቅሃለሁ።»

ጠበቀም። ስድስተኛው ሰው ሲወጣ ሰማ፣ ዘጋና ሁለተኛውን ቁጥር መታ።